የአያ ሙጬ ገመድ

በጣና ዳር፣ ከደንገሉ ጫፍ በተቀመጡት መንደሮች፣ አንድ ሰው ሊሰጥ የዘረጋውን እጁን መልሶ ሲሰበስብ ያዩት ሽማግሌዎች አንዲት አጭር ቃል ጣል ያደርጉበታል። እንግዳ ሰው ቢሰማት ስለ ቋጣሪ የተነገረች ተራ ምሳሌ ትመስለዋለች፤ ፈገግ ሊልም ይችላል። የአገሩ ሰዎች ግን ሲናገሯት አይስቁም። ተናግረው ሲያበቁ ዓይናቸውን ወደ ባሕሩ ይሰዳሉ። ባይስቁም አይፈረድባቸውም፤ ቃሏ የተነገረችው ከአንድ ቤት ሁለት ሬሳ በወጣ ጊዜ ነው።

ነገሩ የሆነው በባሕሩ ላይ የሞተር ድምፅ ሳይሰማ፣ ሰውም እህልም እንጨትም በደንገል ታንኳ በሚመላለስበት ዘመን ነው። ቤቱ የአያ ሙጬ ቤት ነበር። አያ ሙጬ ገመድ በመግመድ የታወቁ ሰው ናቸው። ቃጫውን ነክረው፣ ቀጥቅጠው፣ አበጥረው የገመዱት ገመድ ውሃ ውስጥ ከርሞ አይበሰብስም ይባልላቸዋል። የሁለቱንም ጫፍ በራሳቸው አቋጣጠር ጠበቅ አድርገው ሳይቋጥሩ ገመዱን ከእጃቸው አያወጡም፤ ስለዚህ ዳር አገሩ ሁሉ የሳቸውን ገመድ በቋጠሮው ያውቀዋል።

ገመድ ግን በአንድ ሰው እጅ አይገመድም። አንዱ ያከራል፣ አንዱ ጫፉን ይዞ ይቆማል። ጫፉን ይዛ የምትቆመው ሴት ልጃቸው አንጓች ነበረች። ባሏን በወባ ቀብራ ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰች ወዲህ፣ አባትና ልጅ ከግቢው ወዲያና ወዲህ ቆመው፣ ቃል ሳይለዋወጡ ሲገምዱ ይውሉ ነበር። ሰው ቢያያቸው የተኳረፉ ይመስሉታል። እነሱ ግን በገመዱ ነበር የሚነጋገሩት፤ እሱ ሲጠብቅ ትይዛለች፣ ሲላላ ታላላለች።

ታላቅ ወንድሟ ደምለው ከዚያው ግቢ ጎጆ ቀልሶ ይኖር ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህ ካሁኑ ይነገርለት፣ ኋላ የሚናገርለት አይገኝምና። ሠራተኛ ነው፣ ወላጆቹን ይጦራል፣ ሰው አይሰድብም። አንዲት ነገር ብቻ ነበረችበት፤ ዕቃ ከእጁ ሲወጣ ያመዋል። ደምለው ቤት እሳት ሊጭር የሄደ ሰው ፍሙ ተቆጥሮ ነው የሚሰጠው እያሉ ጎረቤቶቹ ይቀልዱበታል። እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር፤ ፍሙን መቁጠሩን ግን አልተወም።

በአንድ ክረምት አያ ሙጬ ደረታቸውን እያመማቸው አንድ የመጨረሻ ገመድ ገመዱ። በዕድሜያቸው ከገመዱት ሁሉ ይህን የሚያህል ረጅም አልነበረም። ክረምቱን ሙሉ አንጓች ጫፉን ይዛ ከግቢው አልፋ፣ ከአጥሩ ወጥታ፣ ከዋርካው ሥር ድረስ ትሄድ ነበር። ሲጨርሱ ጠቅለው ከምሰሶው ላይ ሰቀሉትና፣ ይኸስ ለቤቱ ይሁን አሉ። ደምለው ይህን ሲሰማ በልቡ ለኔ ነው አለ። ትልቅ ታንኳ ለማሠራት ደንገል አሳጭዶ ማድረቅ ጀምሮ ነበርና፣ ያን ገመድ የያዘ ታንኳ ከደንገሉ ወዲያ፣ ማንም ደፍሮ ከማይቆምበት ጥልቅ ውሃ ላይ ቆሞ ሲያድር ይታየው ነበር። ማታ ማታ ወደ ቤት ሲገባ ገመዱን በእጁ መታ ሳያደርግ አያልፍም።

በቀጣዩ መጋቢት አያ ሙጬ አረፉ። ኑዛዜያቸው አንዲት ናት፤ አባታቸው በተቀበሩበት በደብረ ቶራ ደሴት እንዲቀበሩ። ደብረ ቶራ ግን ሴት የማትረግጠው ገዳም ነው። ሕጉም የጠበቀ ነው። ሴት እግሯን አታሳርፍ ብቻ ሳይሆን፣ የተቀመጠችበት ታንኳ ዳሩን አይነካም፤ የታንኳው ገመድም ከደሴቱ ዛፍ አይታሰርም። አንጓች ይህን ታውቃለች። ሆኖም ሬሳው ሲገነዝ ተነሥታ፣ ውሃው እስከሚፈቅድልኝ ድረስ አባቴን እሸኛለሁ፣ ፍትሐቱንም ከባሕሩ ላይ ሆኜ እሰማለሁ አለች። እናቷ እመት እናኑ ጉልበታቸው ስለ ደከመ ከቤት ቀሩ፤ ልጄ ለኔም ጭምር ታልቅስልኝ ብለው ፈቀዱላት።

የአያ ሙጬ ባልንጀራ የነበሩት ታንኳ ቀዛፊው አያ ይስማው፣ ነገሩን አስበው መንገዱን አበጁት። ሬሳውና ወንዶቹ በትልቁ ታንኳ ይሄዳሉ። አንጓች በትንሹ ታንኳ ትከተላለች፤ ወንድሟ ይቀዝፍላታል። ከደሴቱ ፊት ለፊት ሲደርሱ ታንኳዋ ወደ ባሕሩ ወለል በሚወርድ ድንጋይ ታስሮ ከባሕሩ ላይ ይቆማል፤ ወንዶቹ ቀብረው እስኪመለሱ እዚያው ትቆያለች። ይህን ሲያስረዱ ደምለውን ለብቻው ጠርተው አንድ ነገር አስጠነቀቁት።

«የአባትህን ትልቁን ገመድ አድርግላት። ደሴቱ ሥር ባሕሩ ገደል ነው፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ንፋስ አለ። ታንኳ የሚያድነው ድንጋዩ አይደለም ልጄ፤ ትርፉ ገመድ ነው። ማዕበል ሲመጣ የሚነሣበትና የሚወድቅበት ሊኖረው ይገባል።»

ደምለው እሺ አለ፣ እሺታው ግን ከልቡ አልነበረም። የዳር አገሩን ልማድ ያውቃላ። ከሬሳ ጋር የሄደ ገመድ ወደ ቤት አይመለስም። የታሰረበት ሁሉ፣ የጎተተውም የያዘውም፣ ቀብሩ ሲያበቃ ከደሴቱ ወይራ ላይ ተሰቅሎ እዚያው ይቀራል፤ ቢመለስ ከቤቱ ሌላ ሰው ይስባል ይባላልና ማንም አይደፍረውም። እና ያ ክረምቱን ሙሉ የተገመደ ገመድ፣ የሚመጣው ታንኳው ተስፋ፣ ዛሬ ሄዶ ከወይራ ላይ ሊቀር ነው።

ገመዱን ከምሰሶው አውርዶ ወደ ጓሮ ሄደ። ስስት ራቁቷን አትመጣም፤ ያገኘችውን ደህና ልብስ ለብሳ ነው የምትመጣ። ለደምለው የመጣችው የአባት ፍቅር ለብሳ ነበር። የአባቴ እጅ ያረፈበት የመጨረሻ ሥራ እንዴት ከዛፍ ላይ ይበስብስ አለ። ደግሞም ግማሹ ይበቃታል፣ ባሕሩ እንደሆነ ተኝቷል፣ ቀብሩም ከቀትር በፊት ያበቃል አለ። እንዲህ እያለ ማጭዱን አንሥቶ ገመዱን ከመሃል ቆረጠው። አንዱን ግማሽ ከጎተራው ኋላ ከገለባ ሥር ሸሸገ። ሌላውን ሲያየው አጥሮ ታየው፣ ያን ጊዜም መላ አገኘሁ አለ። ከደጃፉ የወደቀውን የእናቱን ስባሪ ወፍጮ አምጥቶ ወገቡን በገመዱ ጠፍሮ አሰረው። ገመዱ ቢያጥር ድንጋዩ ይከብዳል፣ አንዱ ያንዱን ይሞላል ብሎ ነው። ይኸን ሲሠራ ማንም አላየውም።

ሲነጋጋ ተነሡ። ሬሳው በሰሌን ተጠቅልሎ በትልቁ ታንኳ ላይ ተጋደመ፤ አያ ይስማውና ቀባሪዎቹ ከበቡት። ደምለው እኅቱን ይዞ ኋላ ኋላ ቀዘፈ። አንጓች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ዓይኗን ከፊተኛው ታንኳ ሳትነቅል ተቀምጣለች። መንገድ ላይ አልተነጋገሩም። እሱም ዝምታዋን ወደደው፣ ወፍጮውን በእግሩ ጋርዶት ነበርና።

ደሴቱ ሥር ሲደርሱ ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር። ትልቁ ታንኳ ወደ ዳር ሲጠጋ ደምለው ትንሹን ራቅ አድርጎ አቆመውና ወፍጮውን አቅፎ ለቀቀው። ገመዱ ሮጠ፤ ሮጦ ሮጦ ሊያልቅ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ድንጋዩ መሬት ነካ። ትራፊ የለውም፤ ከታንኳው አፍንጫ እስከ ወለሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ደምለው የቀረችውን ጫፍ ከአፍንጫው ላይ አጥብቆ ቋጠራት፤ እንዳይፈታ ብሎ ደጋግሞ ቋጠራት።

አንጓች ገመዱን አየችው። ክረምቱን ሙሉ ጫፉን ይዛ የቆመች ሰው እንዴት ትስተዋለች።

«አያ ደምለው፣ የአባዬ ገመድ ይኸ ብቻ ነው እንዴ?»

«ድንጋዩ ላይ ብዙ ተጠምጥሟል» አላት፣ ቀና ሳይል።

«ረጅም ነበር እኮ።»

«ድንጋዩም ትልቅ ነው። ንቅንቅ አትይም፣ አይዞሽ።»

ሐዘን ላይ ያለ ሰው በገመድ አይሟገትም። ፊቷን ወደ ደሴቱ መለሰች። አያ ይስማው ታንኳቸውን አስጠግተው ደምለውን ሊወስዱት ሲመጡ ግን አንድ ነገር ለመነችው። አፈር ሊለብስ ሲል አንዱ ሰው ዳር ወጥቶ ምልክት ያሳየኝ፣ ያን ጊዜ አለቅስለታለሁ፣ ያለዚያ ከአባቴ ቀብር እንደ ቀረሁ ነው አለችው። ደምለው ራሱ ወጥቶ እንደሚነግራት ቃል ሰጥቷት ሄደ።

ደሴቱ ድንጋይ ነው። የተመረጠው ቦታ አንድ ክንድ ሳይቆፈር አለት ወጣበት፤ ሌላ ቦታ ተመረጠ፣ እሱም እንዲያው ሆነ። ቆፋሪዎቹ እየተቀባበሉ ሲታገሉ ፀሐይዋ አናት ላይ ደረሰች፣ ደግሞም አለፈች። ደምለው ተራው ሆኖ ሲቆፍር በየመሃሉ ቀና እያለ በዛፎቹ መካከል ባሕሩን ያያል። ትንሿ ታንኳ በቦታዋ አለች፣ በላይዋም ነጩ ነጠላ። ባየ ቁጥር ልቡ ትንሽ ይመለሳል፤ ይኸው ደህና ናት፣ ገመዱ በቅቷታል፣ በከንቱ ነበር የምፈራው ይላል።

ጉድጓዱ አልቆ ሬሳው ከአፉ ሲቀመጥ፣ ካህኑም ፍትሐቱን ሲጀምሩ፣ የወይራው ቅጠል መንቀሳቀስ ጀመረ። አያ ይስማው ዕድሜያቸውን በባሕር ላይ የጨረሱ ሰው ናቸውና ንፋሱን በማጅራታቸው አወቁት። ወደ ደምለው ጠጋ ብለው በዝግታ ጠየቁት።

«ገመዱን ሁሉንም ለቅቀህላታል? የጎደለ እንደሆነ አሁን ንገረኝ። የኔን ገመድ ወስጄ እቀጥልላታለሁ፣ ገና ጊዜ አለ።»

በዝግታ ቢናገሩም አጠገባቸው ያሉት ሰምተው ወደ ደምለው ዞሩ። ደምለው የዞሩትን ፊቶች አየ። ፍም ቆጣሪው እያሉ የሚስቁበት ሰዎች ናቸው። አሁን ገመዱን ቆርጫለሁ ቢል፣ በአባቱ ሬሳ ላይ ቋጠረ ብለው እስከ ዕለተ ሞቱ ሲያወሩበት ይኖራሉ። ከፊቱ ደግሞ አባቱ በሰሌን ተጠቅልለው ተጋድመዋል። አንዲት ቃል ናት፤ ብትወጣ ፊቱ ቀልቶ ነገሩ ያበቃ ነበር።

«ሁሉንም ለቅቄላታለሁ» አለ።

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል የተባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው። አያ ይስማው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁና ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ። የአያ ሙጬ ገመድ ሙሉውን ካለላት፣ የመጋቢት ንፋስ እንደማይጎዳት ያውቃሉ።

ብዙም አልቆየ፣ ከባሕሩ በኩል እሪታ ተሰማ። ፍትሐቱ ገና ነው፣ ምልክትም አልተሰጣትም፤ ቀባሪዎቹ ግን አልገረማቸውም። ሰው አባቱን የሚቀብርበትን ሰዓት በልቡ ያውቀዋል፤ ሆዷ ነግሯት ነው አሉ። አንደኛው ወጣ ብሎ በዛፎቹ መካከል አየና ተመለሰ። ቆማ ነጠላዋን እያወዛወዘች ታለቅሳለች አላቸው። የዳር አገር ሴት አባቷ ሲሞት እንደዚያው ናት፤ ትነሣለች፣ ትወድቃለች፣ ነጠላዋን ወደ ላይ ታነሣለች፣ የወንድሟን ስም ትጣራለች። «አልቅሺ ልጄ፣ አባት እኮ ነው» አለ አንዱ ሽማግሌ፣ እንባውን እየጠረገ።

ደምለው ብቻ ነበር ያወቀው። ለቅሶ ዜማ አለው፤ ይህ ዜማ አልነበረውም። አያ ደምለው እያለች የምትጠራው ሙሾ እያወረደች አልነበረም። ያንን ገመድ የቋጠረው እሱ ነው፣ ስንት ክንድ እንደቀረውም የሚያውቀው እሱ ነው። እግሩ ግን አልተነሣም። የአባቱ ሬሳ ገና እየወረደ ነው፤ ልጅ አባቱ አፈር ሳይለብስ ከጉድጓዱ አፍ ጥሎ ቢሄድ ምን ይባላል? ቢሮጥም ለምን እንደሮጠ ሊናገር ነው። እስቲ አፈር ይልበስ፣ እስቲ አንድ እፍኝ ልጨምር እያለ ቆመ። እፍኙን ጨመረ። እሪታው ያን ጊዜ ተቋረጠ፣ መቋረጡም ከእሪታው ይልቅ አስደነገጠው። ሰዉን ገፍቶ ቁልቁል ሮጠ።

ከዳሩ ሲደርስ ባሕሩ ሌላ ሆኖ ነበር፤ ማዕበሉ ነጭ እየለበሰ ይመጣል። ታንኳዋ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፣ ጥፋቱም ይኸው ነበር። ማዕበሉ ሊያነሣት ሲል አጭሩ ገመድ አፍንጫዋን ወደ ታች ይይዛታል፤ ውሃው በላይዋ ያልፋል፤ ደግሞ ሌላው ይመጣል። ድንጋዩ ቀለል ያለ ቢሆን ኖሮ እየተጎተተ ሄዶ ከደንገሉ ውስጥ በጣላት፣ ነፍስም በተረፈች። ወፍጮው ግን ከወለሉ ተተክሎ ቀረ። የታንኳው አፍንጫ ጠልቆ ጭራው ወደ ሰማይ ቆሟል። በላዩ ማንም የለም።

አያ ይስማው ከኋላው ደርሰው ነበርና ትልቁን ታንኳ ገፉት። ሁለቱ ከማዕበሉ ጋር እየታገሉ ደረሱ። ደምለው እኅቱን እየጠራ እጁን በውሃው ውስጥ ይሰድዳል። አያ ይስማው ከአፍንጫው ላይ ያለውን ቋጠሮ ሊፈቱ ሞከሩ፣ አልፈታ አላቸው። ቋጠሮው የደምለው እንጂ የአያ ሙጬ አይደለም። አንጓችም ሞክራዋለች፤ በቋጠሮው ላይ የጥፍር ፍቅፋቂ ነበረበት። አሮጌው ሰው በቢላዋቸው ገመዱን ቆረጡና፣ ከቋጠሮው አልፎ የቀረውን ጫፍ አነሡ። አያ ሙጬ ጫፍ ሳይቋጥሩ አይተዉም ነበር፤ ይህ ጫፍ ግን ቋጠሮ የለውም፣ ማጭድ የበጠሰው አዲስ ነው። አያ ይስማው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ደምለውን ቀና ብለው አዩት። እሱም አያቸው።

አንጓችን ያገኟት ንፋሱ ከበረደ በኋላ ነው፤ ነጠላዋ ከእጇ ላይ ተጠምጥሞ፣ ከደሴቱ ወዲህ ካሉት ድንጋዮች መካከል። የገዳሙ አባቶች ወደ ዳር ወርደው ነበር። የሞተችም ሴት ሴት ናትና ወደ መሬቱ ሊያወጧት አልቻሉም። ካህኑ ከዳሩ ቋጥኝ ላይ ቆመው፣ እግራቸውን ውሃው እየመታቸው፣ እያለቀሱ ጸለዩላት። ከዚያ አባቷ በመጣበት ታንኳ፣ አባቷ በተጋደመበት ቦታ አጋደሟት። ቁራጩ ገመድ ከወይራው ላይ ተሰቀለ። ደምለው እኅቱ ራስጌ ተቀምጦ እስከ ቤቱ ድረስ ነጠላዋን ሲያስተካክል ሄደ፤ ሲያስተካክለው ይፈታል፣ ደግሞ ያስተካክለዋል።

እመት እናኑ በምርኩዝ ተደግፈው ከባሕሩ ዳር ወርደው ይጠብቁ ነበር። ከሩቅ አንድ ታንኳ ብቻ ሲመጣ አዩ። ሲቀርብ የተጋደመ ሰው አዩበት፣ ባላቸውን መልሰው ያመጡባቸው መሰላቸው። ደሴቱ ለምን አልተቀበላቸውም፣ ምን አጠፋን እያሉ ወደ ውሃው ገቡ። ነጠላውን የገለጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። በዚያ ማታ ከመንደሩ ውስጥ እህል የቀመሰ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ አንጓችን በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሊቀብሯት ተሰበሰቡ። ቃሬዛው ተዘጋጀ፣ ማሰሪያ ገመድ ተፈለገ። ጎረቤቱ ሁሉ ገመዱን ይዞ መጣ፤ ከሬሳ ጋር ሄዶ እንደማይመለስ እያወቀ፣ ያለውን ደህናውን ይዞ መጣ። አያ ይስማው ግን ሁሉንም መለሱ። በለቅሶው መሃል ከአጎዛው ላይ አቀርቅሮ ወደተቀመጠው ደምለው ሄደው ከፊቱ ቆሙ።

«የራሷ ገመድ አላት» አሉት። «ተነሥና የቀረውን አምጣ፣ ልጄ።»

ልጄ ማለታቸው ነበር የገደለው። ተነሥቶ ወደ ጓሮ ሄደ። ከጎተራው ኋላ ገለባውን ገልጦ፣ ከወይራ ላይ እንዳይቀር ያዳነውን ግማሽ አወጣ። በሰው ሁሉ መካከል ተሸክሞት ሲመጣ ለቅሶው ቀጥ አለ፤ ገመዱን የማያውቅ አልነበረማ። እመት እናኑ እጃቸውን ዘረጉ። በአንደኛው ጫፍ የባላቸውን ቋጠሮ አገኙት፣ ሳሙት። እየዳበሱ ወደ ሌላው ጫፍ ሲደርሱ ጣታቸው ከማጭዱ ቁራጭ ላይ ቆመ። ብዙ ጊዜ እዚያው ቆመ። ልጃቸውን አልረገሙትም፣ አልጮኹበትም፤ ገመዱን ለአያ ይስማው አቀበሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ደምለው ይረግሙኝ ብሎ ጠብቆ ነበር። ያን እርግማን ኋላ ዕድሜውን ሙሉ ሲመኘው ኖረ ይባላል።

አያ ይስማው በርከክ ብለው ልጅቱን ከቃሬዛው ጋር ያስሩ ጀመር። ገመዱ በደረቷ ዞረ፣ በወገቧ ዞረ፣ በእግሯ ዞረ። በቃ፤ ልክ እሷን የሚያስር ነበር፣ አንድ ክንድ እንኳ ለቤቱ አልተረፈም። ከበው ከቆሙት አንዷ ሴት፣ ይኸ ባሕር ምን ያለ ጨካኝ ነው፣ አባቷን በምትቀብርበት ቀን ልጅቱን ይወስዳል እንዴ ብላ ማልቀስ ጀመረች። አሮጌው ሰው የመጨረሻውን ቋጠሮ አጥብቀው፣ እጃቸውን ከገመዱ ላይ ሳያነሡ፣ ማንንም ሳያዩ እንዲህ አሉ፦

«ባሕሩን ተዪው የኔ ልጅ፣ እሱ የሰጡትን ነው የተቀበለ፤ ገመድ የሰሰተ ለባሕር ሰጠ።»